ግድግዳው ኮዱ ውስጥ ነበር፦ የአንድ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ የፎክስፕሮ ሥርዓት ከፒያሳ ሲነሣ

ድርጅቱ ወረቀትና የጽሕፈት መሣሪያ አስመጥቶ በጅምላና በችርቻሮ ያከፋፍላል። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራው ፒያሳ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ምድር ላይ ሱቅ፣ ከፍ ብሎ ቢሮ፣ ከጓሮ ደግሞ አምስት ክፍል ያለው ዕቃ ቤት ነበረው። ሽያጩን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ዱቤውንና ደመወዙን የሚይዘው በቪዥዋል ፎክስፕሮ (በማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም መሥሪያ) የተጻፈ ፕሮግራም ነው። የሒሳብ መዝገቡ የሚሠራው ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የዕለቱ ሽያጭ ድምር ከፎክስፕሮ ወደ ፒችትሪ በእጅ ይገለበጥ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ከሄደ ቆይቷል። ኮዱ (እሱ የጻፈው የፕሮግራሙ ትእዛዝ) ግን ከነሙሉ ፋይሎቹ ሰርቨሩ ላይ ነበር፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የሚሠራው የፕሮግራሙ ፋይል ብቻ እንጂ ኮዱ የሌለው ድርጅት ይህንን መንገድ መከተል አይችልም።

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲነካ ሕንፃው ፈረሰ። ድርጅቱ ሦስት ቦታ ሆነ፦ ዋና ቢሮና አንድ ሱቅ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፣ ሁለተኛ ሱቅ ካዛንቺስ፣ ዕቃ ቤት ጎተራ። በዚያው ሰሞን ባለቤቱ ለዓመታት ሲያስቡት የቆዩትን ወሰኑ፤ በግል ስማቸው የተመዘገበው ንግድ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲዞር። ማኅበሩ ሥራ የሚጀምረው የበጀት ዓመቱ በሚከፈትበት በሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሆነ። ቦታው በአንድ ወር ውስጥ ተቀየረ፣ ሕጋዊ ማንነቱ ደግሞ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊቀየር ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ፕሮግራሙ አርጅቷል ወይ?» ብሎ ነው። ማርጀቱ አያከራክርም፤ ማይክሮሶፍት የፎክስፕሮን የመጨረሻ እትም 9ን ያወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፣ ድጋፉንም በጃንዋሪ 2015 አቁሟል። ሥራ ያስቆመው ግን ዕድሜው አልነበረም። ፎክስፕሮው ፒያሳ እያለ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። የሚጠቅመው ጥያቄ የድርጅቱ የድሮ ቅርጽ ፕሮግራሙ ውስጥ የት የት ተጽፏል የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ሳይገኝ አዲስ ሥርዓት ቢገዛም የድሮው ቅርጽ ከዳታው ጋር ተጭኖ ይገባል።

ቅርጹ የተደበቀባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው የዕቃ ኮዱ ነበር። እያንዳንዱ ዕቃ ስምንት አሃዝ አለው፤ ለምሳሌ 03120457። ቀጣዮቹ ሁለት አሃዞች (12) የዕቃውን ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹ አራት (0457) ተራ ቁጥሩን ያሳያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች (03) ግን ዕቃው የተቀመጠበት ክፍል ናቸው፤ የፈረሰው ሕንፃ ሦስተኛ ክፍል። አንድ ዓይነት የኤ4 ወረቀት በሁለት ክፍል ከተቀመጠ ሁለት ኮድ ነበረው። ክፍሎቹ ለየዕቃ ቤት ሠራተኛው የተከፋፈሉ ስለነበሩ «የክፍል ሪፖርት» የሚባለው በተግባር የማን እጅ ላይ ምን ጎደለ የሚለውን የሚያሳይ የተጠያቂነት ሪፖርት ነበር። ኮዱ ዕቃን፣ ቦታንና ሰውን ባንድ ላይ አስሮ ይዟል።

ሁለተኛው የቀሪ ሒሳቡ አቀማመጥ ነው። የዕቃው ብዛት በዕቃው ሪኮርድ (በመዝገቡ መስመር) ላይ አንድ ፊልድ (አንድ የመጻፊያ ቦታ) ብቻ ነበር። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ በሦስት ቦታ ሊኖር ይችላል የሚል ሐሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ዝውውርም የለም፤ ከጓሮ ክፍል ወደ ሱቅ የሚወጣ ካርቶን ለፕሮግራሙ ምንም አልሆነም።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። ከ5 በመቶ በላይ ቅናሽ፣ የደረሰኝ ስረዛና የዱቤ ጣሪያ የሚከፈቱት በባለቤቱ ፓስወርድ ነበር። ፒያሳ ሳሉ ካሸሯ ወደ ፎቅ ትጣራለች፦ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ወርደው ይክፈቱልኝ።» ሦስት ቦታ ከተሆነ በኋላ ጋሼ ሜክሲኮ፣ ካሸሯ ካዛንቺስ ናት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፓስወርዱን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም። በስልክ እየተነገረ የሚገባ ፓስወርድ ማን ምን እንደፈቀደ አያሳይም። የውስጥ ቁጥጥር የጠፋው በዚህ በኩል ነው፤ ከጎደለ ዕቃ ይልቅ ሊያስጨንቅ የሚገባውም ይኸው ነበር።

አራተኛው፣ ድርጅት ማለት አንድ ብቻ ነው የሚለው እምነት ነው። የባለቤቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በደረሰኙ፣ በሪፖርቱና በደመወዝ ሊስቱ ራስጌ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ተጽፏል። በየትኛውም ቴብል (የዳታ ሠንጠረዥ) ውስጥ ግን አይገኝም።

እነዚህን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የዕቃ ኮዱ የመጀመሪያ ሁለት አሃዝ የሚቆረጥበትን መስመር በፕሮግራም ፋይሎቹ ውስጥ መፈለግ ቀላል ነው። የፎክስፕሮ ፎርምና ሪፖርት ግን ራሳቸው ቴብል ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ቀመር የሚቀመጠው አብሯቸው በሚሄደው የሜሞ ፋይል (ረጅም ጽሑፍ መያዣ) ውስጥ ነው። በተራ የጽሑፍ መፈለጊያ ብቻ ያሰሰ ሰው ከሪፖርቶቹ ውስጥ ያሉትን ያመልጡታል። ስለዚህ ፍለጋው የተሠራው በሁለት መንገድ ነው፦ ኮድ ሪፈረንስ በሚባለው የፎክስፕሮ የራሱ መፈለጊያ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ሪፖርትና ፎርም እንደ ቴብል ከፍቶ የቀመር ፊልዶቹን በማንበብ። «የክፍል ቁጥር» ከተገኘባቸው ቦታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሪፖርት ውስጥ ነበሩ።

ሦስት አማራጮች

አዲስ ኢአርፒ (የድርጅቱን ሥራ ሁሉ ባንድ የሚይዝ ሥርዓት) መግዛት በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቀርቧል። ውድቅ የሆነው በዋጋው አይደለም። ሐምሌ 1 ሊደርስ የቀረው አራት ወር አይሞላም፤ የዕቃ ኮዱ ገና አልጸዳም፤ ከሁሉ በላይ ማኅበሩ ከተቋቋመ በኋላ ማን ምን እንደሚፈቅድ ባለቤቶቹ ራሳቸው አልወሰኑም። ያልተወሰነ አሠራር በአዲስ ሥርዓት ላይ ሲዋቀር የሚወስነው ሻጩ ይሆናል።

ሁለተኛው አማራጭ ለእያንዳንዱ ቦታ የፕሮግራሙን ቅጂ ሰጥቶ ማታ ማታ ዳታውን ማዋሃድ ነበር። ይህ የተሞከረው በመጋቢት ነው፤ ውጤቱም ታየ። ሁለቱ ሱቆች አንድ ዓይነት የደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር አወጡ፣ ከጎተራ ወጥቶ ሜክሲኮ ያልደረሰ ዕቃ ደግሞ ከሁለቱም መዝገብ ጠፋ። ይህን ለማስታረቅ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሙሉ ቀን መያዝ ነበረባት።

የተመረጠው ሦስተኛው ነው፦ አንድ ሰርቨር ሜክሲኮ ቢሮ ላይ ማስቀመጥ፣ ሌሎቹ ቦታዎች በሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ቦታ ያለን ኮምፒውተር ከራስ ስክሪን በማሠራት) እየገቡ በዚያው ሰርቨር ላይ እንዲሠሩ ማድረግ፣ የፕሮግራሙን አንኳር ደግሞ ማስተካከል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ቦታዎቹን በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተዘጋ መስመር) አገናኝቶ የፎክስፕሮውን ፎልደር ልክ እንደ ቢሮ ኔትወርክ ሼር ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይሠራም። ፎክስፕሮ ሰርቨሩን «ይህን ሪኮርድ ስጠኝ» ብሎ አይጠይቅም። ራሱ የተጠቃሚው ኮምፒውተር የኢንዴክሱን (የመፈለጊያ ማውጫውን) ገጾች በመስመሩ ላይ እየጎተተ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይንቀራፈፋል። ከዚህ የሚከፋው ግን በመጻፍ መሃል መስመር ወይም መብራት ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። ቴብሉ የሚቀመጥበት የዲቢኤፍ ፋይል ራስጌው ላይ ስንት ሪኮርድ እንዳለው ይጽፋል፤ ከዜሮ ሲቆጠር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ባይት። አዲሱ ሪኮርድ ተጽፎ ቁጥሩ ሳይታደስ ከተቋረጠ ሁለቱ አይገጥሙም፣ እትም 9ም ቴብሉ ተበላሽቷል ብሎ አይከፍትም። ይህ ሲያጋጥም ጥገናው የሚታወቅ ነው፦ በ8ኛውና 9ኛው ባይት ላይ ያለውን የራስጌ ርዝመት ከፋይሉ መጠን ቀንሶ፣ በ10ኛውና 11ኛው ላይ ባለው የሪኮርድ ርዝመት ማካፈል። የሚገኘው ሙሉ ቁጥር ትክክለኛው የሪኮርድ ብዛት ነው፤ እሱን ራስጌው ላይ ጽፎ ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት ነው። ሁልጊዜ አስቀድሞ ቅጂ ይያዛል።

በሪሞት ዴስክቶፕ ሲሠራ በመስመሩ የሚያልፈው የስክሪኑ ምስልና የኪቦርድ ምት ብቻ ነው። ካዛንቺስ መስመር ቢቋረጥ ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ካሸሯ ስትመለስ ያቋረጠችበት ፎርም ላይ ታገኘዋለች። ሊዘነጉ የማይገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ዊንዶውስ ሰርቨር ለአስተዳደር ሥራ ከሚፈቅዳቸው ሁለት ግንኙነቶች በላይ ሲፈለግ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፈቃድ ይገዛል። የሪሞት ዴስክቶፑ በር በቀጥታ ለኢንተርኔት አይከፈትም፤ በቪፒኤን ውስጥ ብቻ ይሁን። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ደግሞ ጄኔሬተር እስኪነሣ የሚያቆይ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፤ አሁን የሁሉም ቦታ ሥራ በዚያች አንዲት ማሽን ላይ ወድቋል።

አንኳሩ ላይ የተደረገው

የዕቃ ኮዱ አልተቀየረም። ይህ ውሳኔ ብዙ አከራክሯል፤ በእኛ ግምት ግን ከሁሉ የተሻለው ውሳኔ እሱ ነው። ሠራተኛው ኮዶቹን በቃሉ ያውቃል፣ ካርቶኑ ላይ ተለጥፈዋል፣ ቢን ካርዱ (የዕቃው መቆጣጠሪያ ካርድ) ላይ ተጽፈዋል። የተቀየረው ፕሮግራሙ ኮዱን የሚያነብበት መንገድ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ከእንግዲህ ምንም ትርጉም የላቸውም። ለአንድ ዕቃ ሁለት ኮድ ያለበት ቦታ ሁሉ አንዱ ተመርጦ ሌላው «ተለዋጭ ኮድ» በሚል ቴብል ውስጥ ገባ። ካሸሩ የድሮውን ቢጽፍ ፕሮግራሙ ወደ ተመረጠው ይመራዋል። የድሮ ደረሰኞች አልተነኩም።

ከዚያ «ቦታ» የሚባል ቴብል ተፈጠረ፦ መለያ፣ ስም፣ ዓይነት፣ ተጠያቂ ሠራተኛ፣ የተከፈተበትና የተዘጋበት ቀን። ከዓይነቶቹ አንዱ «መንገድ ላይ» ነው፤ ከጎተራ ተጭኖ ገና ሱቅ ያልደረሰ ዕቃ እዚያ ይቀመጣል። ቀሪው ከዕቃው ሪኮርድ ወጥቶ የራሱ ቴብል ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ሪኮርድ። ዝውውር ሁለት ፊርማ አለው። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ስታስረክብ ዕቃው ከጎተራ ወጥቶ «መንገድ ላይ» ይገባል፤ ሱቁ ሲረከብ ከዚያ ይወጣል። ሱቁ የተረከበው ከተላከው ካነሰ ልዩነቱ መንገድ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ማታ በሚወጣው ሪፖርት ላይም ይታያል። በመጋቢት የጠፋው ዕቃ የጠፋው ይህ ስላልነበረ ነው።

ፈቃድም እንዲሁ ወደ ቴብል ወጣ፦ ማን፣ በየትኛው ቦታ፣ እስከ ስንት መቶኛ ወይም እስከ ስንት ብር፣ ከመቼ እስከ መቼ። ለባለቤቱ ብቻ የቀረው ከጣሪያ በላይ ያለው ነው፤ እሱም የሚፈቀደው በራሳቸው ስክሪን ላይ በሚመጣ ጥያቄ እንጂ በሌላ ሰው ኪቦርድ አይደለም። በየግብይቱ ቴብል ላይ ደግሞ «ድርጅት» የሚል ፊልድ ተጨመረ፤ 1 የግል ንግዱ፣ 2 ማኅበሩ።

ቀንና ስም

የቀን ፊልዶቹ በጽሑፍ መልክ የተቀመጡ ነበሩ፤ ይህም የጸሐፊው ስንፍና አይደለም። የፎክስፕሮ የቀን ዓይነት የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን፣ ማለትም 30/02ን፣ እንደ ፌብሩዋሪ 30 ቆጥሮ አይቀበልም። 13ኛ ወር የሚባልም አያውቅም። ችግሩ ጽሑፍ በቀን ተራ አለመደርደሩ ነው፤ የሁለት ቦታ ግብይት በአንድ ሪፖርት ሲታይ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል።

መፍትሔው ጽሑፉን ሳይነኩ ከጎኑ የተከታታይ ቀን ቁጥር ፊልድ መጨመር ነው። ቀመሩ አጭር ነው፦ 1,724,221 + 365×(ዓመት−1) + (ዓመት÷4፣ ቀሪው ሳይቆጠር) + 30×(ወር−1) + ቀን − 1። ለመፈተሽ ሐምሌ 1 ቀን 2016ን ማስገባት ይበቃል፤ ውጤቱ 2,460,500 ይሆናል። ይህ የጁልያን ቀን ቁጥር ከጁላይ 8 ቀን 2024 ጋር ይገጥማል። ፎክስፕሮ ሲስ(10) እና ሲስ(11) በሚባሉት ተግባሮቹ ከዚህ ቁጥር ወደ ቀን፣ ከቀንም ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ተጨማሪ ነገር አያስፈልግም። ልወጣው ሲሠራ የወደቁት ሪኮርዶች ሦስት ዓይነት ነበሩ፦ 31ኛ ቀን የተጻፈባቸው፣ ጳጉሜን 6 የሌላት ዓመት ላይ ጳጉሜን 6 የተባሉ፣ ከውጭ በመጣ ኢንቮይስ ላይ ያለውን የአውሮፓ ቀን እንዳለ የገለበጡ። ሦስተኛዎቹ አደገኛ ናቸው፤ ቀኑ ትክክለኛ መስሎ ያልፋል፣ ዓመቱ ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ ከዛሬ በኋላ የሚውል ቀን ሁሉ ተለይቶ በእጅ ታየ።

የደንበኞች ስም የተጻፈው ከዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት በአንድ ወጥ ቁጥር ከሚይዘው ሥርዓት) በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ነው። ፎክስፕሮ ዩኒኮድ አያውቅም፤ የተቀመጠው የላቲን ፊደላት ቦታ የያዘ የባይት ሰንሰለት ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በእንዲህ ዓይነት ፎንቶች አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ከሁለት ባይት ይገጣጠማል፦ አንዱ ለአካሉ፣ ሌላው ለቅጥያው። የልወጣ ሠንጠረዡ ባለ ሁለት ባይቶቹን አስቀድሞ መፈለግ አለበት፤ አለዚያ አካሉ ብቻውን ተለውጦ ቅጥያው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከተለወጠ በኋላ ድግግሞሹ ወጣ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ ሦስት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ደንበኛ ሦስት የዱቤ ጣሪያ አለው። ሀን ሐን ኀን ከነራብዖቻቸው (ሃ፣ ሓ፣ ኃ)፣ ሰን ሠን፣ አን ዐን፣ ጸን ፀን አንድ አድርጎ ማዛመድ ድግግሞሹን ያወጣዋል። ይህ ግን ለፍለጋ ብቻ በተሠራ የተለየ ፊልድ ላይ ይሁን። ዋናው ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለ መቆየት አለበት፤ ደረሰኝ ላይ ፊደሉ የተለወጠ ስም ደንበኛውን ግብር መሥሪያ ቤት ያመላልሰዋል።

ሰኔ 30 እና ሐምሌ 1

ቆጠራው ሰኔ 29 እና 30 ተካሄደ። ሱቆቹ ተዘጉ፣ ዝውውር ቆመ፣ «መንገድ ላይ» ዜሮ እንዲሆን ተደረገ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፤ ከተለያዩ ሦስተኛ ሰው ይቆጥራል። ውጤቱ ከቢን ካርዱ ጋር፣ ከዚያ ከፕሮግራሙ ጋር ይታያል። የግል ንግዱ የመጨረሻ ቀሪ ለማኅበሩ የዓይነት መዋጮ ሆኖ በአንድ ሰነድ ተላለፈ፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ከድርጅት 1 ወጪ፣ ለድርጅት 2 ገቢ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን በግብር ከፋዩ መለያና በአድራሻው የሚመዘገብ ስለሆነ ጉዳዩ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ ሶፍትዌሩ ደርሶ ማሽኑ ባይደርስ ሱቁ አይከፈትም ነበር።

ያስቸገረው የድሮው ዱቤ ነው። ከሰኔ 30 በፊት የተሸጠበት ዱቤ የባለቤቱ የግል ንግድ ሒሳብ ነው፤ ደንበኛው ግን ለመክፈል የሚመጣው ማኅበሩ ካሸር ጋር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍያዎቹ ካሸሩ በገባበት ድርጅት ስም ስለተመዘገቡ የማኅበሩ ተሰብሳቢ ከዜሮ በታች ወረደ። የክፍያ ፎርሙ ተገልብጦ ተሠራ፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው የደረሰኝ ቁጥሩን ነው፣ ድርጅቱን ከደረሰኙ ራሱ ያገኛል። ካሸሩ እንዲመርጥ የሚጠየቀው ነገር በቀነሰ ቁጥር ስሕተቱ ይቀንሳል።

ፒችትሪ ላይ አዲስ ካምፓኒ ተከፈተ። የሒሳብ መለያው እስከ 15 ቁምፊ ስለሚይዝ ከዋናው ሒሳብ ቀጥሎ የቦታ ቅጥያ ተደረገለት፦ 4010-01 የሜክሲኮ ሽያጭ፣ 4010-02 የካዛንቺስ ሽያጭ። ሁለት መለያ በኋላ አንድ ላይ ማዋሃድ አይቻልም፤ ፒችትሪ መለያን ወደ አዲስ ስም ይቀይራል እንጂ ወደ ነባር አይቀላቅልም። ስለዚህ ቅጥያው ከመጀመሪያው በደንብ ይታሰብበት። የሒሳብ ወራቱ ከአውሮፓው ወር ጋር እንደማይገጥሙ ተደርጎ 12 ክፍለ ጊዜ ተሰጠ፤ ነሐሴና ጳጉሜን አንድ ሆነው ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 10 ያዙ። ጳጉሜን 2019 ላይ ስድስት ቀን ስለምትሆን የዚያ ዓመት ክፍለ ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ያልቃል፤ ያለፈውን ዓመት መገልበጥ እዚያ ላይ አንድ ቀን ያዛንፋል።

የመክፈቻ ቀሪ ሲገባ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የደንበኞችና የዕቃ መክፈቻ ቀሪ ወደ ዋናው መዝገብ በራሱ አይሄድም፤ በቻርት ኦፍ አካውንቱ (በሒሳቦች ዝርዝሩ) ላይ ደግሞ ለብቻ ይገባል። ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ሰው ካላረጋገጠ ፕሮግራሙ አያስጠነቅቅም። የዕለቱ ሽያጭ ከፎክስፕሮ በፋይል እንዲገባ ተደረገ፤ ፋይሉ ቀን፣ ማጣቀሻ፣ የመስመር ብዛት፣ ሒሳብና ገንዘብ ይዟል፣ ዴቢት በአዎንታዊ፣ ክሬዲት በአሉታዊ። «የመስመር ብዛት» የተባለው ቁጥር ከእውነተኛዎቹ መስመሮች ጋር ካልገጠመ ጆርናሉ አይገባም።

ሐምሌ 22

ማኅበሩ ሥራ በጀመረ በሦስት ሳምንቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፣ ከዚያም ወጣ። የወረቀት ዋጋ ተከተለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የዜድ ሪፖርቱ (የሽያጭ ማሽኑ የዕለት መዝጊያ) እና የፕሮግራሙ የዕለት ድምር በሦስት ሳንቲም፣ በአራት ሳንቲም ይለያዩ ጀመር።

ምክንያቱ የፊልድ ወርድ ነው። የደረሰኝ ድምር የተቀመጠው ወርዱ 10፣ አስርዮሹ 2 በሆነ ፊልድ ነው፤ ነጥቡም ከአሥሩ አንዱን ቦታ ይይዛል። ከፍተኛው 9,999,999.99 ብር ነው። ፎክስፕሮ ከዚህ የበለጠ ሲሰጠው ወዲያው አይጮኽም፤ መጀመሪያ አስርዮሹን እየቀነሰ ያጠጋጋል፣ ያም ካልበቃ ቁጥሩን በሌላ አጻጻፍ ያሳጥራል፣ መጨረሻ ላይ ኮከብ ምልክት ይጽፋል። አንድ የጨረታ ሽያጭ 11,482,306.47 ብር ሲሆን የተጻፈው 11,482,306.5 ነው። ሦስት ሳንቲም በራሷ ምንም አይደለችም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ መላው ሳንቲም፣ ከዚያም ቁጥሩ ራሱ ነው። ልዩነቱን ችላ ያላለችው የሒሳብ ሠራተኛ ድርጅቱን ከትልቅ ጣጣ አድናለች።

ፊልዶቹ ወርዳቸው 16 ሆነ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ድምሩ የሚያልፍባቸው የዱቤ፣ የክፍያና የወር መዝጊያ ቴብሎች ሁሉ አብረው መስፋት አለባቸው፣ ሪፖርቱ ላይ ያለው ዓምድም እንዲሁ። አንዱ ከቀረ መጥበቡ ወደዚያ ይዛወራል። በዚህ ጊዜ ቴብሉን ለብቻው መክፈት ስለሚያስፈልግ ሥራው የተደረገው እሑድ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የዲቢኤፍ፣ የኢንዴክስና የሜሞ ፋይሎቹ አንድ ላይ ተገልብጠው ቅጂው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ታይቷል። ሜሞው የቀረበት ቅጂ አይከፈትም።

ከዚያ ወዲህ

በ2017 መጀመሪያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ፣ ሁለተኛው ሱቅም ተነሥቶ ስታዲየም አካባቢ ተከራየ። በፕሮግራሙ ውስጥ የተደረገው ይህ ብቻ ነው፦ ለካዛንቺስ የመዝጊያ ቀን ተጻፈ፣ አዲስ ቦታ ተከፈተ፣ ዕቃው በተለመደው ዝውውር ተላለፈ። ጊዜ የወሰደው የሽያጭ ማሽኑን አድራሻ ማስቀየሩ እንጂ ሶፍትዌሩ አልነበረም። ፒችትሪ ላይ 4010-02 የካዛንቺስ ታሪክ ሆኖ ቀርቶ 4010-03 ተከፈተ።

ደመወዙ ላይም እንዲሁ። የግብር መደቦቹ ኮዱ ውስጥ በተደራረቡ ሁኔታዎች ተጽፈው ነበር፤ 600፣ 1,650፣ 3,200 እያሉ። ማኅበሩ ሲቋቋም ወደ ቴብል ወጥተው የሚጸኑበት ቀን ተሰጣቸው። የገቢ ግብር ማሻሻያው ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነውን ወደ 2,000 ብር ሲያሳድግ የተጨመሩት ስድስት መስመሮች ናቸው፦ እስከ 2,000 ዜሮ፤ እስከ 4,000 15 በመቶ ተቀናሽ 300፤ እስከ 7,000 20 በመቶ ተቀናሽ 500፤ እስከ 10,000 25 በመቶ ተቀናሽ 850፤ እስከ 14,000 30 በመቶ ተቀናሽ 1,350፤ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ተቀናሽ 2,050። የ9,000 ብር ደመወዝ ግብር ከ1,745 ወደ 1,400 ወረደ። የሰኔ ደመወዝ ዘግይቶ በሐምሌ ሲሠራ የድሮው መደብ እንዲያዝ የሚያደርገው የክፍያው ቀን ሳይሆን የደመወዙ ወር ነው፤ ፕሮግራሙ መደቡን የሚፈልገው በዚያ ነው።

አሁን የቀረው ቴብሎቹን ፖስትግሬስኪውኤል ወደሚባለው ዳታቤዝ ማዛወር ነው። ቦታ፣ ፈቃድና ድርጅት የየራሳቸው ቴብል ስላላቸው ዝውውሩ በክፍል በክፍል ሊሄድ ይችላል፤ ሽያጭ መጨረሻ ላይ ይሆናል። እስከዚያ የፎክስፕሮ ኢንዴክሶች በየሳምንቱ እሑድ ማታ እንደገና ይሠራሉ። የግል ንግዱ ዳታ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ባለበት ሁኔታ ከነፎንቱና ከነፕሮግራሙ በአንድ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ ለማንበብ ብቻ ተቀምጧል፤ ኦዲተር የድሮ ደረሰኝ ሲጠይቅ የሚከፈተው እሱ ነው።